የገና ዛፍ ቤቴ ባቆም ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ። ውጭ አገር ያሉት እኅቶቼ ገናን ታኅሣሥ 16 ያከብራሉ፤ እኛ ታኅሣሥ 29፣ አንዳንዴ ደግሞ 28። የሥራ ባልደረባዬ «በዓሉ ድሮም የፀሐይ አምላኪዎች ነበር» አለኝ። ልጆቼ ደግሞ የገና ዛፍ ካልገዛሽልን ብለው ይዘውኛል። ምን ልበላቸው? በዓሉ ረቡዕ ቢውልስ ይፈሰካል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከቀኑ ልጀምር። ቤተ ክርስቲያናችን ልደትን የምትቆጥረው ከፅንሰቱ ተነሥታ ነው። ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠራት መጋቢት 29 ነው፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ብትቆጥሪ ታኅሣሥ 29 ትደርሻለሽ። አምስቷ ቀን ጳጉሜን ናት። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ይተርፋል፤ ስለዚህ በሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ፣ በ2016 ዓ.ም. እንዳደረግነው፣ በ28 እናከብራለን። ቁጥሩ እንዳይፋለስ ነው።

የእኅቶችሽ ቀንም ከእኛው ጋር አንድ ነበር። በጥንቱ የሮም አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ማለት ዲሴምበር 25 ነው። በ1582 እ.ኤ.አ. ፖፕ ጎርጎርዮስ 13ኛ አቆጣጠሩን ሲያርሙ ዐሥር ቀን ተዘለለ፤ ልዩነቱ እያደገ ዛሬ 13 ቀን ሆኗል።

ባልደረባሽ ያለው ነገር በብዙዎች አፍ ስላለ አልፈርድበትም። ንጉሠ ነገሥት ኦሬልያን በ274 እ.ኤ.አ. በሮም ለፀሐይ ቤተ ጣዖት ማቆሙ እውነት ነው። ነገር ግን የፀሐይ በዓል ዲሴምበር 25 መዋሉን የምናገኘው በ354 እ.ኤ.አ. በተዘጋጀ የሮም የዘመን መዝገብ ላይ ነው፤ ያው መዝገብ የክርስቶስንም ልደት በዚያው ቀን አስፍሮታል። ከዚህ ተነሥቶ «ክርስቲያኖች ከአረማውያን ወሰዱ» ብሎ መደምደም አይቻልም።

ወደ ዛፉ ልምጣ። የገና ዛፍ ከጀርመን አገር ተነሥቶ በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በኩል የተስፋፋ ልማድ ነው፤ ከሥርዓታችን አይደለም። አንዳንድ ሰባክያን ኤርምያስ 10ን እየጠቀሱ ጣዖት ነው ይላሉ። ምዕራፉን ራስሽ አንብቢው፤ ነቢዩ የሚናገረው ከዱር ዛፍ ቆርጦ፣ ጠርቦ፣ በብርና በወርቅ አስጊጦ ስለሚሰግድለት ሰው ነው። ልጆችሽ ለዛፉ አይሰግዱም። ስለዚህ ኃጢአት ነው ብዬ ኅሊናሽን አላስርም። የሚያሳዝነኝ ግን በብዙ ቤት ልጆች የገናን አባት ሲያውቁ በግርግም የተኛውን ጌታ አለማወቃቸው ነው። የገና አባትም ቢሆን መነሻው የሜራው ጳጳስ ቅዱስ ኒቆላዎስ መሆኑን ንገሪያቸው፤ ድኾችን በስውር ይረዳ እንደነበር ትውፊት ያወሳል።

ደግሞ የራሳችንንም አሳዪያቸው። ላሊበላ ላይ በቤተ ማርያም ካህናቱ ከፊሉ ከዐለቱ ጠርዝ ላይ፣ ከፊሉ ከታች ከግቢው ቆመው «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ» (የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ) እያሉ ሲቀባበሉ ካዩ አይረሱትም። መሄድ ባትችሉ በምስልም ይታያል። የገና ጨዋታም አለ፤ እረኞች የምሥራቹን ሰምተው በደስታ በበትራቸው ተጫወቱ ይባላልና ዱላውን ይዘው ሜዳ ይውጡ።

ስለ ጾሙ፦ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያትን ጾመሽ ከሆነ፣ በዓሉ ረቡዕም ዓርብም ቢውል ይፈሰካል። ግን ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ቤት ተቀምጦ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሞላ መግደፍ ሥርዓት አይደለም። ልጆቹንም ቀን አስተኝተሽ ሌሊት ይዘሻቸው ሂጂ።