መለያውን በእርሳስ ጻፊ፤ የሐዋሳን ትንንሽ አሳዎች ለጠየቅሽው እህት

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ያሉትን ትንንሽ አሳዎች የት እንደምታገኚና እንዴት እንደምትለዪ ጠይቀሻል። እኔም በ2009 ዓ.ም. ይህንኑ ሥራ ይዤ ስለነበር፣ አንድ ዓመት ያስከፈለኝ ነገር አንቺንም እንዳያስከፍልሽ ልጻፍልሽ። ስለ ቆሮሶና ስለ አምባዛ አልነግርሽም፤ እነሱን አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ውስጥ የሚበልቱት ልጆች ከሁለታችንም በላይ ያውቋቸዋል።

አንደኛ፣ ከአጥማጆች መረብ ትንንሽ አሳ አትጠብቂ፤ የመረባቸው ዓይን ሰፊ ስለሆነ አንቺ የምትፈልጊው ሁሉ ሾልኮ ያልፋል። የአጎበር ጨርቅ በሁለት እንጨት ወጥሪና ከአንድ ረዳት ጋር ፊላው ሥር ጎትቺ፤ በማለዳ፣ ንፋሱ ውሃውን ሳያደፈርሰው። ቢልሃርዚያ ስላለ ረጅም ቦት ጫማ አድርጊ። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ጉማሬ አለና የአካባቢውን አጥማጅ ሳትይዢ እንዳትገቢ።

ሁለተኛ፣ ከሐይቁ የሚታወቁት የአሳ ዝርያዎች ስድስት ብቻ ስለሆኑ መለየቱ ቀላል ይመስላል። ለእኔም መስሎኝ ነበር። ከትንንሾቹ አፕሎኬይሊክቲስ አንቲኖሪ የሚባለው አያስቸግርሽም፤ ጢም የለውም፣ አፉ ወደ ላይ ነው፣ የጀርባ ክንፉ ወደ ጅራቱ ተጠግቶ በቅሏል። መጀመሪያ የያዝኩትን በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አድርጌ ወደ ፀሐይ ሳዞረው፣ ከትንሿ ጣቴ የሚያንሰው አሳ ዓይኑ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆኖ በራ። ያን ቀን ምሳ መብላቴን አላስታውስም። ጋራ የሚባለውን በአገጩ ላይ ባለው፣ ድንጋይ በሚይዝበት ክብ መምጠጫ ታውቂዋለሽ። የሚያሳስተው ባርበስ ፓሉዲኖሰስ ነው፤ አዳዲሶቹ ጽሑፎች ኢንተሮሚየስ ይሉታል። የትልቁ ነጭ አሳ ጫጩት በዚያ መጠኑ ቁርጥ እሱን ነው፤ ሁለቱም ሁለት ጥንድ ጢም አላቸው። ስለዚህ የጀርባ ክንፉን ጠንካራ እሾህ ከኋላ በኩል በጥፍርሽ ዳስሺው። እንደ መጋዝ ከያዘሽ ፓሉዲኖሰስ ነው፤ ለስላሳ ከሆነ የነጭ አሳ ጫጩት ነው። ከተጠራጠርሽ አንድ ቅርፊት ንቀዪና በአጉሊ መነጽር እዪ፤ የነጭ አሳው መስመሮች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ የትንሹ ግን እንደ ፀሐይ ጨረር ከመሐል ይበተናሉ።

ሦስተኛው መለያው ነው፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ብዬ ነው። እኔ አምስት ወር ሙሉ ከአራት ቦታ አሳ ሰብስቤ፣ የቦታውንና የቀኑን ስም ጠርሙሱ ላይ ከውጭ በማርከር ጻፍኩ። በካርቶን አሽጌ አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጫንኩት። አዲስ አበባ ደርሼ ካርቶኑን ስከፍት ሠላሳ አንዱም ጠርሙስ በአልኮል ርሷል፣ ክዳናቸው ላልቶ ነበር። ማርከር በአልኮል እንደሚለቅ ያን ዕለት አወቅሁ። ጠርሙሶቹ ላይ የቀረው ጥቁር እድፍ ብቻ ነበር። አሳዎቹ ደህና ናቸው፣ ግን የትኛው ከየት እንደመጣ እግዚአብሔር ብቻ ያውቃል። አማካሪዬ አንድ በአንድ አንስቶ አይቶ መልሶ አስቀመጠና “እነዚህ አሳዎች ናቸው፤ መረጃ ግን አይደሉም” አለኝ። ልክ ነበር። ገንዘቡ ግን አልቋል፤ ከወንድሜ ተበድሬ ተመለስኩ፣ ጓደኞቼ ሲመረቁ እኔ ፊላ ውስጥ ቆሜ ነበር።

በዚያ ላይ አሳ የምሰበስብበት የፈቃድ ደብዳቤዬ ጊዜው አልፎ ነበርና ለማሳደስ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሦስት ቀን አመላለሱኝ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ማመልከቻዬን እንኳ ሳያነብ “ሰው የማይበላውን አሳ ቆጥረህ ምን ይጠቅምሃል?” አለኝ፣ በሰው ፊት። እስካሁን ያንገበግበኛል። ሰው የሚበላው አምባዛና የሐይቁ ወፍ ትንሹን ዓሣ እየበሉ እንደሚኖሩ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስልክ አነሳ። በመጨረሻ የፈረመችልኝ ጸሐፊዋ ጋር ፋይሉን ያገላበጠች አንዲት ወጣት ባለሙያ ናት፤ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አትሜ ይዤ ስለነበር ፈልጋ አነበበችው። አንቺም አትመሽ ያዢ፤ ደብዳቤሽንም ቀኑ ሳያልፍ አሳድሺ።

አሁን አደራ የምልሽ ይህን ነው። መለያውን በጠንካራ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፊና ከአሳው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ክተቺ፤ እርሳስ አይለቅም። አሳው በሕይወት እያለ ቀለሙን ፎቶ አንሺ፣ አሳው እንዳይበሰብስ የምትነክሪበት ፎርማሊን ቀለሙን ያጠፋዋል። ለዘረመል ምርመራ ከክንፉ ቁራጭ የምትወስጂ ከሆነ ፎርማሊን ሳይነካው ቆርጠሽ 96 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀምጪ። ቀሪውን በ10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ነክረሽ አቆዪ፣ በውሃ አጥቢ፣ ከዚያ ወደ 70 በመቶ አልኮል አዛውሪ። እያንዳንዱን ቦታ ደግሞ በደብተርሽም መዝግቢ፣ ደብተሩ ከጠርሙሶቹ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ እንዳይገባ።

ጣራ ላይ አታስጭኚ። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ ረዳቱ ቢቆጣም እምቢ ብዬ፣ ሳጥኑን ጭኔ ላይ ታቅፌ ነው ከሐዋሳ አዲስ አበባ የገባሁት።