ጠይቁን፦ ያለ ኮምፒውተር ቪዲዮ መቅዳት

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ አንድ የመዳፍ ያህል ሣጥን ናቸው። በአንድ ወገን ከሪሲቨር ወይም ከካሜራ የመጣ የኤችዲኤምአይ ገመድ ይገባበታል፣ በሌላው ወገን ወደ ቲቪ ይወጣል፤ በመካከል የሚያልፈውን ምስልና ድምፅ ፍላሽ ላይ ይቀዳል። ጥያቄዎቹን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ መርካቶ ሁለት ዓይነት መቅጃ አሳዩኝ። አንደኛው ፍላሽ የሚመስል ርካሽ ነው። ሌላው ቁልፍና መብራት ያለው ሣጥን ሲሆን ዋጋው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የምፈልገው ከዲሽ ፕሮግራም ለመቅዳት ነው፤ የትኛው ይሻለኛል? — ከሄርማታ መርካቶ

መልስ፦ ምናልባት አንዱንም መግዛት አይኖርብዎትም። መጀመሪያ ሪሲቨርዎን አዙረው የዩኤስቢ ቀዳዳ እንዳለው ይዩ። ነጻ ቻናሎችን የሚያሳዩ ብዙ ሪሲቨሮች ፍላሽ ሲሰካባቸው ራሳቸው ይቀዳሉ፤ ሪሞቱ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበት ቁልፍ ለዚሁ ነው። በጥራትም ይበልጣሉ። ሪሲቨሩ ከሳተላይት የመጣውን እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ ሣጥኑ ግን አንዴ የተፈታውን ምስል እንደገና ጨምቆ ነው የሚጽፈው።

መቅጃ የሚያስፈልገው ራሱ መቅዳት ለማይችል ዕቃ ነው፦ ለአሮጌ የካሴት ማጫወቻ፣ ለአንዳንድ ጌም፣ ረጅም ዝግጅት ለሚከታተል ካሜራ። ብዙ የፎቶ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላቸው ቀረጻ ያቆማሉ። በኤችዲኤምአይ የሚወጣው ምስል ግን ካሜራው በራሱ እንዳይጠፋ ከተደረገ ይቀጥላል። ያን ጊዜ በካሜራው ሜኑ ውስጥ ጽሑፍና ምልክት ወደ ኤችዲኤምአይ እንዳይወጣ ማድረግ ነው፤ አለበለዚያ የባትሪው ምልክት ሙሽሮቹ ላይ ተለጥፎ ይቀዳል።

ፍላሽ የሚመስለው ብቻውን አይሠራም። ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ እንደ ኦቢኤስ ባለ ፕሮግራም ነው የሚቀዳው። ጫፉ ሰማያዊ መሆኑም አያታልልዎ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ውስጣቸው ዩኤስቢ 2 ነው። ሣጥኑን ከመረጡ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «4ኬ» የሚል የምስል ጥራት ትተው «የሚቀዳው በስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ 4ኬው ወደ ቲቪ የሚያሳልፈው ነው፤ የሚቀዳው ከእሱ ዝቅ ባለው 1080 ነው። ለቤት 1080 ይበቃል። ሱቁ ውስጥ አምስት ደቂቃ ይቅዱ፣ ያቁሙ፣ ፍላሹን ነቅለው ሌላ ዕቃ ላይ ያጫውቱት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰዓት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። ፍላሹ ላይ ወደ 3 ጊጋባይት የሚሆን ፋይል አለ፤ ስልክም ላፕቶፕም አይከፍተውም። ጠፍቷል ማለት ነው? — ከጊንጆ

መልስ፦ ምስሉ እዚያው ነው፤ የጎደለው ማውጫው ነው። ኤምፒ4 የሚባለው ፋይል እያንዳንዱ ምስልና ድምፅ የት እንደተቀመጠ የሚናገር ዝርዝር አለው። አብዛኞቹ መቅጃዎች ይህን ዝርዝር የሚጽፉት መጨረሻ ላይ፣ እርስዎ «አቁም» ሲሉ ነው። መብራቱ ከዚያ በፊት ከሄደ አጫዋቹ የቱን ከየት እንደሚያነብ አያውቅም።

አሁን ፍላሹ ላይ ምንም አዲስ ነገር አይጻፉ። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ካለ እምቢ ይበሉ። ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። ከዚያ በሌላ ፍላሽ፣ በዚያው መቅጃና በዚያው ሰቲንግ ጥቂት ደቂቃ ቀድተው በወጉ ያቁሙ። «አንትራንክ» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ጤነኛውን ፋይል እንደ ናሙና ወስዶ ለተበላሸው ማውጫ ይሠራለታል። ሰቲንጉ ከተለያየ ግን አይሠራም። ቪኤልሲን ብዙ ሰው ይሞክረዋል፤ እሱ የሚጠግነው የኤቪአይ ፋይል ስለሆነ እዚህ አይረዳም። የፋይሉ መጠን 0 ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ «ፎቶሬክ» በመሳሰለ የጠፋ ፋይል ፈላጊ ማውጣት ያስፈልጋል።

ለወደፊቱ ሜኑ ውስጥ «ቲኤስ» የሚል የፋይል ዓይነት ካለ እሱን ይምረጡ። ቲኤስ መጨረሻ ላይ የሚጻፍ ማውጫ አያስፈልገውም፤ መብራት ቢጠፋ የሚጎድልብዎ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። ቲኤስ ከሌለው ፋይሉን በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃ እንዲቆራርጥ ይሙሉት፤ ቢበላሽ አንዱ ቁራጭ ብቻ ይበላሻል።

ከሁሉም የሚሻለው መቅጃውን ከግድግዳ ሶኬት ማላቀቅ ነው። የሚፈልገው 5 ቮልት ስለሆነ ፓወር ባንክ ይበቃዋል። 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ውስጡ 37 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። መቅጃው 1 አምፒር ማለትም 5 ዋት ቢወስድ፣ በመሐል የሚባክነው ተቀንሶ ስድስት ሰዓት ያህል ያስኬደዋል። ፓወር ባንኩን ቀድመው ሞልተው ይጠቀሙ እንጂ እየሞላ እንዲሰጥ አይሰኩት። አንዳንዱ ፓወር ባንክ መብራት በሚጠፋበት ቅጽበት ብልጭ ብሎ ይቋረጣል፤ መቅጃውን ለማጥፋት ያቺ ቅጽበት ትበቃለች። ሪሲቨሩ ቢጠፋ እንኳ ብዙ መቅጃዎች ምስል መቋረጡን አይተው ፋይሉን ራሳቸው ይዘጉታል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ ይበሉ። የማቆሚያውን ቁልፍ ሲጫኑ የመቅጃው መብራት ወዲያው አይረጋም፤ ለጥቂት ሰከንድ ብልጭ ድርግም ይላል። ያኔ ነው ማውጫው የሚጻፈው። ቸኩሎ ፍላሹን መንቀል መብራት ከመጥፋቱ እኩል ነው።

ጥያቄ፦ 32 ጊጋባይት ፍላሽ ስንት ሰዓት ይይዛል? የእኔ መቅጃ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ያቆምና ሌላ ፋይል ይጀምራል። — ከመንደራ

መልስ፦ ስሌቱ ቀላል ነው። በሰከንድ 8 ሜጋቢት (የቀረጻው የጥራት መጠን ነው) ሲቀዳ በሰዓት 3.6 ጊጋባይት ይሞላል፤ 32ቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ይይዛል ማለት ነው። በ16 ሜጋቢት ግማሹ ይሆናል። ፋይሉ የሚቆረጠው ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ስለተደረገ ነው፤ ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። በ8 ሜጋቢት ያ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አካባቢ ነው። መቅጃው ይህ ገደብ የሌለበትን ኤክስፋት የሚያነብ ከሆነ በእሱ ፎርማት ያድርጉት። ካልሆነ እንዳለ ይተዉትና በኋላ ቁራጮቹን «ሎስለስከት» በሚባል ፕሮግራም አንድ ላይ ያያይዟቸው፤ ጥራት ሳይነካ በደቂቃዎች ይጨርሳል። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ለመሰካት ካሰቡ፣ ሃርድ ዲስኩ ሲነሣ የሚስበውን ኃይል ብዙ መቅጃ አይችልም፤ ራሱን አጥፍቶ ያበራል።

ጥያቄ፦ በክፍያ ከሚታየው ዲኮደር ስቀዳ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው የሚወጣው። ቲቪው ላይ ግን በደንብ ይታያል። የወንድሜ ፕሌይስቴሽን 4ም እንደዚያው ነው። — ከቦሳ

መልስ፦ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ መቅጃውም አልተበላሸም። ምስሉ ኤችዲሲፒ በሚባል ቁልፍ ተቆልፎ ነው የሚወጣው፤ ቲቪው መክፈቻ አለው፣ መቅጃው ግን ከተቆለፈ ምስል እንዲቀዳ አልተፈቀደለትም። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ መፍትሔው በእጅዎ ነው፦ ሰቲንግስ፣ ሲስተም፣ ከዚያ «ኢኔብል ኤችዲሲፒ» የሚለውን ምልክት ያንሡ። ፊልም ማሳያ አፖች ያን ጊዜ አይሠሩም፤ ጌሙ ግን ይቀዳል። ለአጭር ቀረጻ ከሆነ መቅጃም አያስፈልግም፤ መጫወቻው ራሱ በሼር ቁልፉ እስከ 60 ደቂቃ ይቀዳል። ፕሌይስቴሽን 3 ይህን ቁልፍ ማንሻ የለውም።

በክፍያ የሚታየው ዲኮደር ላይ ግን የሚነሣ ምልክት የለም። ቁልፉን ይሰብራል ተብሎ የሚሸጥ የኤችዲኤምአይ ማከፋፈያ ቢያቀርቡልዎም እኛ አንመክርም። ነጻ የሆነውን ፕሮግራምም ቢሆን ለራስዎ ማየት አንድ ነገር ነው፤ አባዝቶ መሸጥ ወይም ቤት ከፍቶ ማሳየት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚመለከተው ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ምስሉ ቆንጆ ነው፣ ድምፅ ግን የለም። — ከኮቺ

መልስ፦ የሪሲቨሩን የድምፅ ሰቲንግ ይክፈቱ። «ዶልቢ»፣ «ቢትስትሪም» ወይም «አውቶ» ከሆነ ወደ «ፒሲኤም» (ያልተጨመቀ ድምፅ) ይቀይሩት። አብዛኞቹ መቅጃዎች ፒሲኤምን ብቻ ነው የሚቀበሉት።

ጥያቄ፦ መቅጃዬ ሰዓት የሚሞላበት ሜኑ አለው። ለምሽቱ 2 ሰዓት ዜና ሞላሁት፤ ጠዋት ሳየው የሌሊት ፕሮግራም ቀድቷል። — ከአዌቱ መንደራ

መልስ፦ 02:00 ብለው ሞልተውት ይሆናል፤ ያ ለመቅጃው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ለቀኑ ሰዓት 6 ይደምሩ፤ ከምሽቱ 1 እስከ 5 ላለው 18 ይደምሩ። የዜናው ሰዓት 20:00 ይሆናል። ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ያጋጥማል። መቅጃው ቻናል አይቀይርም፤ ሪሲቨሩን በዚያ ቻናል ላይ ክፍት መተው አለብዎት፣ ለብዙ ሰዓት ሪሞት ካልተነካ በራሱ የሚያጠፋውን ሰቲንግም ያንሡ። ሌላው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ መጀመሪያው የሚመለስ ከሆነ ውስጡ ያለችው እንደ ሳንቲም ያለች ባትሪ አልቃለች።

ጥያቄ፦ የሰርጋችንን የቪኤችኤስ ካሴት ወደ ፍላሽ መገልበጥ እንፈልጋለን። ማጫወቻው አለን፣ ይሠራል። ካሴቱ ግን ለብዙ ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር። — ከጅሬን

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ካሴቱን ወደ ብርሃን ያዙትና በመስኮቱ በኩል የተጠቀለለውን ቴፕ ጠርዝ ይዩ። ጥቁርና ለስላሳ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር በነጠብጣብ ወይም በክብ ከታየ ሻጋታ ነው፤ እንደ ጅማ ዝናቡ ረጅም በሆነ ቦታ የተለመደ ነው። የሻገተ ካሴት ማጫወቻ ውስጥ አያስገቡ። ዱቄቱ ቴፑን የሚያነበውን የማጫወቻውን ራስ (ሄድ) ይደፍነዋል፣ ቀጥሎ ወደሚገባው ንጹሕ ካሴትም ይተላለፋል። ለጠጋኝ ይስጡት።

ደህና ከሆነ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አሳልፈው ይመልሱት፤ ለዓመታት የተጣበቀው ቴፕ ይላቀቃል። ከማጫወቻው ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ይወጣል። ይህን ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ትንሽ መለወጫ ያስፈልግዎታል። ገበያ ላይ መልካቸው አንድ፣ ሥራቸው ግን ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ዓይነት አሉ። የእርስዎ ባለ ቀለም ቀዳዳዎቹ በኩል «መግቢያ» የሚል መሆን አለበት፤ የራሱ 5 ቮልትም ይፈልጋል። ጎኑ ላይ ያለውን ማብሪያ 720 ላይ ያድርጉት። ቪኤችኤስ ከዚህ የሚበልጥ ዝርዝር የለውም፤ 1080 ፋይሉን ከማሳበጥ በቀር ጥቅም የለውም። 4 ሜጋቢት ይበቃል፤ ኢ-180 የሚል ካሴት 3 ሰዓት ስለሚሄድ ወደ 5.4 ጊጋባይት ይሆናል።

ሰዎቹ ወፍረው ከታዩ አይደንግጡ። መለወጫው 4 ለ3 የነበረውን ምስል ወደ 16 ለ9 ለጥጦት ነው፤ ቪኤልሲ ላይ ምጥጥኑን 4 ለ3 ሲያደርጉት ይስተካከላል። ቴፑ የደከመበት ቦታ ላይ ስክሪኑ ሰማያዊ እየሆነ ከተቋረጠ ደግሞ በማጫወቻው ሜኑ ውስጥ ሰማያዊ ስክሪኑን ያጥፉት፤ የተበላሸ ምስል ከምንም ይሻላል።

ምስሉ በረዶ ከመሰለ የማጫወቻው ራስ (ሄድ) ቆሽሿል። ማጫወቻውን ከሶኬት ነቅለው ይክፈቱት፤ የሚያብረቀርቀው ክብ ነገር ራሱ (ሄዱ) ያለበት ከበሮ ነው። ፀጉር የማይለቅ ጨርቅ በአይሶፕሮፒል አልኮል አርሰው ከበሮው ላይ ሳይጫኑ ያሳርፉ። ጨርቁን አያንቀሳቅሱ፤ ከበሮውን በሌላው እጅ ከላይ ይዘው ያዙሩት። ወደ ላይና ወደ ታች ማሸት ከበሮው ላይ ያሉትን ጥቃቅን የሄድ ጫፎች ይሰብራቸዋል። የጆሮ ጥጥም አይጠቀሙ፤ ክሩ ተሰክቶ ይቀራል።

ጥያቄ፦ በነጎድጓድ ጊዜ ቲቪውን ብቻ ነቅዬ ነበር። ሪሲቨሩና መቅጃው ሁለቱም ኤችዲኤምአያቸው ሞተ። ለምን? — ከኪቶ ፉርዲሳ

መልስ፦ የመብረቁ ኃይል በሶኬት ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ጣሪያ ላይ ካለው ዲሽ በሚወርደው ገመድም ይገባል። ሪሲቨሩን አልፎ በኤችዲኤምአዩ ወደ መቅጃው ይሄዳል፤ በየመንገዱ ቀድመው የሚቃጠሉት የኤችዲኤምአይ ቺፖች ናቸው። ደመናው ሲጠቁር የሪሲቨሩን ሶኬትም የዲሹን ገመድም ይንቀሉ፤ ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን የዲሹን ገመድ አይንኩ። ተራ የሶኬት ማከፋፈያ ከዚህ አያድንም። ሞቱ ካሏቸው ዕቃዎች በፊት ገመዱን ቀይረው ይሞክሩ፤ የሪሲቨሩ የኤቪ መውጫ አሁንም ምስል ከሰጠ ደግሞ ቺፑ ብቻ ነው የሄደው፣ ያንን በቢጫው ገመድ ቲቪ ላይ ማየት ይቀጥላሉ።