ተበድሬ የገዛሁት ቦርሳና የፊት ወንበር

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፥ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። ያደግሁት በችግር ነው። ትምህርት ቤት እያለሁ በለበስኩት ልብስ ብዙ ተስቆብኛል። ዛሬ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሥራ አለኝ። መጀመሪያ የታወቀ ብራንድ ስም ያለበት ፌክ ቦርሳ ገዝቼ እይዝ ነበር። አንድ ቀን ከሀብታም ቤተሰብ የሆነች የሥራ ባልደረባዬ ስፌቱን አገላብጣ አየችና ፌክ መሆኑን ሰው ፊት ተናገረች። የዚያን ቀን ኀፍረት አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ተበድሬ ኦርጅናሉን ገዛሁ፤ ዕዳውን እስካሁን እየከፈልኩ ነው። እውነቱን ልናገርና፥ እርሱን ከያዝኩ ወዲህ ሰው የሚያየኝ ዓይን ተለውጧል። በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እንኳ «እዚህ ነይ» ተብዬ ከፊት እቀመጣለሁ። ግን ደስታው ከልቤ አልገባም። ውድ ነገር መልበስና መያዝ ኃጢአት ነው? ፌክ መያዝስ ውሸት ይባላል? ሁለቱም ቦርሳዎች ቤቴ ናቸው፤ ምን ላድርጋቸው?

መልስ፦ እኅቴ፥ ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁልጊዜ የሚያቆመኝ «እዚህ ነይ ተብዬ ከፊት እቀመጣለሁ» ያልሽው ቃል ነው። ስለዚህ ወደ ቦርሳሽ ከመድረሴ በፊት እኛን ልክሰስ።

ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የጻፈው ይህንኑ ነው። የወርቅ ቀለበት ያደረገና ያጌጠ ልብስ የለበሰ ሰው ወደ ጉባኤ ገባ፤ እድፍ ልብስ የለበሰ ድሀም ገባ። አንዱን «በመልካም ስፍራ ተቀመጥ» አሉት፤ ሌላውን «ወደዚያ ቁም» አሉት። ልብ በዪ፤ ሐዋርያው በዚያ ቦታ ባለ ቀለበቱን ለምን አጌጥህ ብሎ አልገሠጸውም። የገሠጸው ወንበር አዳዮቹን ነው። «ክፉ አሳብ ያላቸው ዳኞች» ያላቸውም እነርሱን ነው። እኔም ከእነዚያ ዳኞች አንዱ ሆኜ አውቃለሁ። ከጉባኤ በኋላ ሰላምታ ስሰጥ እጄ ቀድሞ ወደ ማን እንደሚዘረጋ አንድ ቀን ራሴን ታዝቤ ደንግጫለሁ። ይህን ተናዝዤበታለሁ። እንግዲህ ያን ቦርሳ ያስገዛሽ ያንቺ ምኞት ብቻ ነው ብዬ ብነግርሽ እዋሻለሁ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ልብስሽን እያየ ዋጋሽን የተመነ ሰው ሁሉ በዕዳሽ ውስጥ ድርሻ አለው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ውድ ልብስ በራሱ ኃጢአት አይደለም። እግዚአብሔር ለካህኑ ለአሮን የሚሠራለት ልብስ «ለክብርና ለጌጥ» እንዲሆን ሙሴን አዝዞታል (ዘጸ. 28፥2)። በመጽሐፈ ምሳሌ መጨረሻ የተመሰገነችው ልባም ሴት ጥሩ በፍታና ቀይ ግምጃ ትለብሳለች፤ ነገር ግን ይህ ከመነገሩ ሁለት ቁጥር በፊት እጇን ወደ ድሀ እንደምትዘረጋ ተጽፏል። ልድያ ቀይ ሐር ሻጭ ነበረች፤ ጌታ ልቧን ከፈተላት፥ እርሷም ቤቷን ለሐዋርያት ከፈተች።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ደግሞ ቀይ ልብስና ቀጭን የተልባ እግር የለበሰ ባለጠጋ አለ። በዚያ ዘመን እጅግ የከበረው ቀይ ወይም ሐምራዊ ቀለም የሚወጣው ከባሕር ቀንድ አውጣ ነበር። ጳውል ፍሪድሌንደር የተባለ ኬሚስት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ 12,000 ቀንድ አውጣ ጨምቆ ያገኘው 1.4 ግራም ቀለም ብቻ ነው። የዚያ ባለጠጋ ልብስ ምን ያህል ሀብትና ድካም እንደ ጠጣ ከዚህ መገመት ትችያለሽ። ጌታ ግን ስለ ልብሱ የፈረደውን ፍርድ አልነገረንም፤ በደጁ በቍስል ተወርሶ የተኛውን አልዓዛርን ነው ያሳየን። ባለጠጋው በሲኦል ሆኖ አልዓዛርን በስሙ ይጠራዋል። ያውቀው ነበር ማለት ነው። ልብሱ በእርሱና በዚያ ሰው መካከል እንደ ግድግዳ ቆሞ ነበር፤ እዚህ ላይ ነው ጌጥ ወደ ኃጢአት የሚሻገረው።

ልብስን ግድግዳ ማድረግ የቆየ ነገር ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1363 የወጣ ሕግ ባላባቱ፥ ነጋዴው፥ የእጅ ባለሙያውና ገበሬው እንደየደረጃቸው ምን ዓይነት ጨርቅ መልበስ እንደሚፈቀድላቸው ይወስን ነበር። ተመሳሳይ ሕጎች በሌሎች አገሮችም ወጥተዋል። በእንግሊዝ ከብዙ መለዋወጥ በኋላ በ1604 ተሻሩ። ሕጉ ሲሻር ግድግዳው አልፈረሰም፤ ዋጋ ተተካበት። ዛሬ ሰውን በሀብቱና በደረጃው ለይቶ ይህን አትልበስ የሚል እንዲህ ያለ አዋጅ የለብንም፤ የዋጋ ወረቀቱ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ጌዮርግ ዚመል የተባለ የኅብረተሰብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን በደንብ አስተውሎታል። ከላይ ያለው ክፍል የሚለብሰውን ከታች ያለው ሲከተለው፥ የላይኛው ያንን ይተውና ወደ ሌላ ይሄዳል ይላል። ያንቺም ታሪክ እንዲሁ ነው። የሉዊ ቪቶን ቤት በፊደልና በአበባ የተሠራውን ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1896 ያወጣው አስመስለው የሚሠሩበትን ለመከላከል ነበር። ያ ምልክት ዛሬ እጅግ ከሚኮረጁት አንዱ ሆኗል። ስሙን ሁሉም ሰው ማንበብና መግዛት ሲጀምር፥ በጣም ሀብታም የሆኑት ብዙዎቹ ስም ወደማይታይበት ልብስ ዞሩ፤ የእነርሱን በአቆራረጡና በጨርቁ የሚለየው የራሳቸው ወገን ብቻ ነው። ባልደረባሽ ስፌቱን አገላብጣ ያየችውም ለዚህ ነው። ድንበሩ ከስሙ ወደ ስፌቱ ተዛውሮ ነበር። አንቺ ተበድረሽ ስፌቱ ላይ ስትደርሺ ድንበሩ ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዷል፤ ዕዳው ግን አንቺ ጋር ቀርቷል። በዚህ ሩጫ ውስጥ የደረሰ ሰው የለም፤ ከላይ ያሉትም የሚሮጡት እንዳይደረስባቸው ፈርተው ነው። እርሷም ብትሆን ያን ቀን አንቺን ያዋረደችው ከፍርሃት ይመስለኛል። አንቺም ያንን ስም ያለ ጭንቀት ከያዝሽው እርሷ በምን ትለይ? ይቅር በያት፤ በአንድ ሕመም የታመማችሁ ናችሁ።

በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 7 አካን የሚባል ሰው አለ። ከኢያሪኮ ምርኮ መካከል አይቶ የጎመጀው የመጀመሪያው ነገር «አንድ ያማረ የሰናዖር ካባ» ነው። ሰናዖር የባቢሎን ምድር ነው፤ ካባው ከሩቅ አገር የመጣ፥ የት እንደ ተሠራ በስሙ የሚታወቅ ልብስ ነበር። አካን ወሰደውና በድንኳኑ ውስጥ መሬት ቆፍሮ ቀበረው። እስከሚያዝባት ሰዓት ድረስ በሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ አልደረበውም። ያንቺን ከስርቆት ጋር እያመሳሰልኩ አይደለም፤ እርሱ እርም የተባለውን ነው የወሰደው። «ደስታው ከልቤ አልገባም» ስትዪ ግን ይህ የተቀበረ ካባ ትዝ አለኝ። በዕዳ የተያዘ ጌጥም ባለቤቱ በነጻነት አይለብሰውም።

ስለ ጌጥ ስንናገር እኛ መምህራን ተግሣጹን ሁሉ ወደ ሴቶች የምንወረውረው ነገር ያሳዝነኛል። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ትርጓሜው፥ በ49ኛው ድርሳን፥ አጥብቆ የገሠጸው ጎልማሶችን ነው። ጫማቸውን በሐር ክር ያስጌጡ ነበር። ያ ክር እንዲመጣ መርከብ ይሠራል፥ ቀዛፊና መሪ ይቀጠራል፥ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ባሕር ይሻገራል፤ ይህ ሁሉ ለጫማ ነው ይላቸዋል። ከዚያ አረማመዳቸውን ይገልጻል፤ በክረምት ጭቃ፥ በበጋ አቧራ እንዳይነካቸው በእግራቸው ጣት እየቆሙ በገበያ መካከል ያልፋሉ። መርገጥ ካሳዘናችሁ አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት፥ ወይም ራሳችሁ ላይ አድርጉት አላቸው። ሰዎቹ ሲስቁ እርሱ ግን በዚህ እንደሚያለቅስ ነገራቸው። ያስለቀሰው የክሩ ዋጋ ብቻ አይመስለኝም። ወደ ሰማይ ሊመለከት የተፈጠረ ሰው ዓይኑን ከጫማው ጫፍ ማንሣት አልቻለም።

በተመሳሳይ ዘመን የነበረው ቅዱስ ባስልዮስም ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ሊሠራ ስላሰበው ባለጠጋ ሲሰብክ፥ በሣጥንህ የቆለፍከው ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ ነው፥ ቤትህ ውስጥ የሚበሰብሰው ጫማ ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰው ገንዘብ ነው ብሏል። ሣጥን ውስጥ መቆለፍ እንኳ እንዲህ ከተባለ ማቃጠል ምን ይባላል? በርበሪ የተባለው የእንግሊዝ ፋሽን ኩባንያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 በተዘጋ አንድ የበጀት ዓመት ብቻ ከ28 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ዋጋ ያለው ያልተሸጠ ምርት ማጥፋቱ በሪፖርቱ ታወቀ። ቁጣ በረታና በዚያው ዓመት ልማዱን እንደሚያቆም አስታወቀ። የቅንጦት ዕቃ ነጋዴዎች እንዲህ ሲያደርጉ የኖሩት ዕቃው በርካሽ ተሸጦ ማንም እንዳይዘው፥ የስሙም ዋጋ እንዳይወርድ ነው። ይህን ስሰማ ልቤ ቆሰለ። ታርዞ የሚያድር ሰው ባለበት ዓለም ልብስ የሚነደው፥ ያ ሰው እንዳይለብሰው ነው። አንቺ የተበደርሽለት ክብር በዚህ ዓይነት እሳት ጭምር የሚጠበቅ መሆኑን እንድታውቂ እፈልጋለሁ።

ፌክ መያዝ ውሸት ነው ወይ ላልሽው፦ ዕቃውን የሚሠራውና እያወቀ ኦርጅናል ነው ብሎ የሚሸጠው የሌላውን ስም ይሰርቃል፤ በዚህ ጥርጥር የለም። የያዘው ሰው ደግሞ ልቡ ይመዝነዋል። ኦርጅናል እንዲመስላቸው ብለሽ ከያዝሽው፥ አፍሽ ባይናገርም ክንድሽ ዋሽቷል። የነቢዩ የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ለሁለት መለወጫ ልብስና ለብር ብሎ ንዕማንን ዋሸው፤ በመጨረሻ የንዕማን ለምጽ በእርሱ ላይ ተጣበቀበት (2 ነገ. 5)። ነገር ግን እዚህ ላይ አትቁሚ። ኦርጅናሉም ተበድሮ ተገዝቶ «ሀብት አለኝ» እያለ የሚናገርልሽ ከሆነ፥ ውሸቱ ያው ነው፤ የተለየው ስፌቱ ብቻ ነው። ሕዝባችን ከላይ አምሮ ውስጡ የተቸገረውን ሲያይ «ውስጡን ለቄስ» ይላል። አንቺም ውስጥሽን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ስለ ቦርሳው ብቻ ሳይሆን በልጅነትሽ ስለ ተሳቀብሽም ጭምር። ያ ቍስል ሳይታከም ቦርሳውን ብትጥዪው ነገ ጫማ ይተካዋል።

የተሳቀባት ልጅ ለመከበር መፈለጓ ኃጢአት አይደለም። ክብርን የሰጠን ፈጣሪ ነውና እርሱን መራባችን ከተፈጥሯችን ነው። አዳምና ሔዋን ጸጋቸው ሲገፈፍ ቅጠል ሰፉ፤ እግዚአብሔር ደግሞ ራሱ የቁርበት ልብስ አለበሳቸው። የተራቆተውን ሰው መጀመሪያ ያለበሰው ፈጣሪው ነው፤ ሲያለብሰውም አላሳፈረውም። አንቺም በጥምቀት ክርስቶስን ለብሰሻል (ገላ. 3፥27)። ይህን የምለው ላጽናናሽ ብዬ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ በጌታችን ሕማም ዕለት የሆነውን አስቢ። ሄሮድስ ጌታችንን የጌጥ ልብስ አለበሰው፤ የጲላጦስ ጭፍሮችም ቀይ ልብስ አለበሱት። ሁለቱም ያለበሱት ሊዘብቱበት ነው። የከበረ ልብስ ለብሶ መዋረድ እንዳለ፥ ራቁትን በመስቀል ተሰቅሎም ንጉሥ መሆን እንዳለ ያን ቀን ታይቷል። ልብስሽን አይተው የሳቁብሽ ሰዎች ከአንቺ የወሰዱት ምንም ነገር የለም፤ ስለዚህ ተበድረሽ የምታስመልሺውም የለም።

ዕዳሽን አስቀድሚ። «እርስ በርሳችሁ ከመዋደድ በቀር ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ» ተብሏል (ሮሜ 13፥8)። ኦርጅናሉን ሸጠሽ ዕዳውን ማቃለል ከቻልሽ እኔ ያንን እመክርሻለሁ፤ ካልሆነም መያዝሽ አይከለከልም። ሰው እንደሚያይሽ በምታውቂበት ቀን አንዳንዴ ቤት ተዪው፤ ያን ቀን በልብሽ የሚመጣውንም ሐሳብ አስተውዪና ለንስሐ አባትሽ ያዢለት። በሚቀጥለው ጉባኤ «እዚህ ነይ» ሲሉሽ ከበር አጠገብ የቆመችውን እናት እጇን ይዘሽ ወስደሽ በዚያ ወንበር አስቀምጫት። አስተናጋጁ ግር ቢለው ይህን ምክር የሰጠሁሽ እኔ እንደሆንኩ ንገሪው።

ፌኩን ግን ለሰው አትስጪው። ባይሸጥም፥ ደግ ሥራ ቢመስልሽም፥ «ለተቸገረች ልጅ ይጠቅማት» ብለሽ እንዳትሰጪው። እርሷም ጋር ስፌቱን አገላብጦ የሚያይ ሰው አይጠፋም።