መርማሪዋ ክብራን ደሴት ላይ እንዴት ትውረድ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕሎች ስለሚነገር ታሪክ) በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ገጸ ባሕርያት ናቸው። ስለ ታብሌትና ስለ ብዕር ዋጋ የጠየቃችሁኝ ታገሡኝ፤ እሱን ከሻጮቹ ብትሰሙት ይሻላል።

«የኮሚኬ ጀግና ይበርራል፣ ግንብ ይንዳል፣ ጥይት አይበሳውም። ጓደኞቼ ግን ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ ተዉት። ሥዕሉ ደካማ ሆኖ ነው?» (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

የላክህልኝን ገጾች አይቻቸዋለሁ፤ እጅህ ጥሩ ነው። ጓደኞችህን ያሰለቻቸው ልጁ ምንም የሚፈልገው ነገር ስለሌለ ይመስለኛል። መብረርስ ይበርራል፤ ወዴት ለመድረስ እንደሚቸኩል ግን አንተም ገና አልወሰንክም። እ.ኤ.አ. በ1938 ብቅ ያለው ሱፐርማን እንኳ መኪና በእጁ እያነሣ፣ ሥራ ቦታው ላይ የሚወዳት ሴት የምትንቀው ዓይን አፋር ጋዜጠኛ ነበር። መኪና ማንሣቱ እዚያ ላይ ምንም አልፈየደለትም።

ከዚያ የሚበልጥ ምሳሌ ግን እዚሁ አጠገብህ አለ። ዘጌ ተሻገርና በቤተ ክርስቲያናቱ ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእን ፈልገው። 78 ሰው የበላ፣ ለገዛ ቤተሰቡ እንኳ ያልራራ ሰው ነው። አንድ የተጠማ ቁስለኛ ድሃ ውኃ ሲለምነው እምቢ ይላል፤ በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። ሲሞት 78ቱ ነፍሳት በሚዛኑ በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውኃ በሌላው ወገን ትቀመጣለች፤ እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍባት ውኃዋ ሚዛን ትደፋለች። ምእመኑ ከዚህ ታሪክ ምሕረትን ይማራል። እኔ ደግሞ እንደ ታሪክ ነጋሪ በዚያች ጥርኝ ውኃ እቀናለሁ። 78ቱን የሰማ ሰው ይሸማቀቃል፤ ውኃዋን ሲሰማ ግን «እንዴት እጁ ፈታ?» ብሎ ይጠይቃል። ከጥያቄው በኋላ ታሪኩን ትቶ አይሄድም።

ስለዚህ አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። ጉልበቱ ፈጽሞ የማይጠቅመውን አንድ ቀን ጻፍ። እናቱ ለመታወቂያ እድሳት ከጠዋት ጀምሮ ቀበሌ ወረፋ ይዛለች፤ እሱ አጠገቧ ቆሟል። መብረር እዚያ ምን ይሠራለታል? ግንቡን ይንደዋል? (ሐሳቡ ብዙዎቻችንን ሳይፈትነን አልቀረም።)

«መርማሪዬ ሴት ናት። ሌባውን በሞተር ጀልባ እያሳደደች ጣና ላይ ካለው የክብራን ገብርኤል ደሴት ገዳም ደረሰች። እዚያ ግን ሴት አትገባም። ደሴቱን በሌላ ልቀይረው?» (የባሕር ዳር ነዋሪ)

በፍጹም እንዳትቀይሪው! ሌሎቻችን ቁጭ ብለን የምናምጠው መሰናክል ላንቺ በራሱ መጥቶልሻል። አሁን ጥያቄው «ትይዘዋለች ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «ማንን ትልካለች?» ሆነ። አጠገቧ ያለው ጀልባ ነጂው ብቻ ነው። እስከዚህ ክፍል ድረስ ስትጠረጥረው የቆየችው እሱን ቢሆንስ? ደግሞም ጎረቤቱ እንጦስ ኢየሱስ ሴት ይቀበላል፤ እዚያ ወርዳ የክብራንን ወደብ እያየች መጠበቅ ትችላለች። ሌባው እንደሆነ ያለ ጀልባ የትም አይሄድ።

ሥዕሉን እንዲህ ነው የማስበው። ጀልባዋ ድንጋዩን ስትነካ ሌባው ቀድሞ ዘልሎ ወርዷል። በሚቀጥለው ፍሬም (የሥዕል ሳጥን) የእሷን ጫማ ብቻ አሳዪን፤ አንድ እግሯ ከጀልባዋ ጠርዝ ውጪ አየር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ባለው ፍሬም ያ እግር ወደ ጀልባዋ ወለል ተመልሷል። «ደንቡ ትዝ አላት» ብለሽ ከጻፍሽበት ግን ሁሉንም አበላሸሽው። በሁለቱ ፍሬሞች መካከል ያለችው ነጭ ክፍተት የአንባቢው ድርሻ ናት፤ እግሩን የሚመልሰው እሱ ነው።

ጸጉሯን ቆርጣ የወንድ ልብስ ለብሳ እንድትገባ ግን አታድርጊ። መነኮሳቱን ከማስቀየሙም በላይ፣ በደንቡ ላይ የገነባሽውን ጭንቀት በአንድ ባርኔጣ መሸጥ ነው።

«ክፉ ሰው ስሥል ጠባሳ ከማድረግ ሌላ ምን ዘዴ አለ?»

የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጠባሳ አላስፈለጋቸውም። ቅዱሳንን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎችን ደግሞ በጎን አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሥሉ ነበር። እኔ ዘዴውን ተበድሬ እገለብጠዋለሁ። አንድን ሰው ለብዙ ክፍሎች በጎኑ ብቻ ሣለውና አንባቢ ይጠርጥረው፤ ከዚያ አንድ ቀን ፊቱን ወደ እኛ አዙረው።

«እምቦጭን ጣናን የሚውጥ ጭራቅ አድርጌ ልጽፍ ነው። ምን ይመስልሃል?» (ከጎርጎራ)

ጥርስ ባታወጣለት ደስ ይለኛል። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ ሐምራዊ አበባው ዓይን የሚማርክ ተክል ነው፤ ጣናን አይጠላም፣ ምንም አያስብም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ አትለምነው፣ አታስፈራራው፣ አታታልለው። ጭራቅ ካደረግኸው ግን አንድ ጀግና ጎራዴ መዝዞ ይገድለውና ታሪኩ ያልቃል፤ እኛ ሐይቁ ላይ ያየነው እንዲያ አይደለም። ታሪኩ ያለው እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው በሚነቅሉት ሰዎች መካከል ነው። ዛሬ ማን መጣ? ማን ቀረ? የተነቀለውን የማን ማሳ ዳር ይከምሩት? የቀረው ሰው ታንኳው አረሙ ውስጥ የተያዘበት ዓሣ አጥማጅ ቢሆንስ?

«አባቴ ኮሚክ የፈረንጅ ቧልት ነው ይላሉ። ምን ልመልስላቸው?»

ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን ያደረገችውን ጉዞ በሸራ ላይ በተርታ የሚያሳየውን፣ ብዙ ጊዜ 44 ክፈፎች ያሉትን ሥዕል አሳያቸው። ዝም ብለህ አሳያቸው፤ አትከራከራቸው።

«ጽሑፌ ሥዕሉን እየሸፈነው ተቸግሬአለሁ። የቱን ልቀንስ?» (መምህር፣ ባሕር ዳር)

መምህር፣ መጀመሪያ የተራኪውን ጽሑፍ ይቀንሱ። ቋንቋችን ብዙ ሥራ በነጻ ይሠራልዎታል። ዓሣ ሻጯ ቆሮሶውን በሚዛን ላይ እያደረገች «ምን ያህል ላድርግልዎ?» ትላለች፤ ሰውየው ኪሱን ይዳብሳል፤ በሦስተኛው ፍሬም «ሂድ ወዲያ!» ትለዋለች። ገንዘብ እንዳልያዘ፣ እንደናቀችውም አንባቢው ገብቶታል፤ ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዷ በቂ ነው። በየገጹ ሁሉንም ሰው «አንተ» የሚያስብሉ ጀማሪዎች ይህን መሣሪያ ሳያውቁት ይጥሉታል።

ሌላው ግሣችን መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። «ትናንት ማታ ወንድምህን ከነጋዴው ጋር ወደብ ላይ…» ብለው ፍሬሙን ይዝጉት። «አላየሁትም» የሚለውን ወደሚቀጥለው ያሳልፉት። በመካከሉ የሰሚውን ፊት ብቻ ይሣሉ። በስልክ ወደ ታች እየተንሸራተተ የሚነበብ ኮሚክ ከሆነ ደግሞ በሁለቱ መካከል ባዶ ቦታ ይተዉ፤ አንባቢው በአውራ ጣቱ እየጎተተ ይጨነቅ።

«አንድ ድርጅት ገጸ ባሕርዬን ለማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ክፍያ ሊገዛኝ ነው። ልሽጥ?»

የሱፐርማን ፈጣሪዎች ሁለት ወጣቶች መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩ ኖሩ። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራሽን በሕይወት ዘመንሽና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅልሻል፤ የፈረምሽውን ግን አያስቀርልሽም። ገንዘቡ ካስፈለገሽ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለዚያ ማስታወቂያ ብቻ ፍቀጂ፤ በጽሑፍ ይሁን። በላክሽልኝ ረቂቅ ላይ «ከገጸ ባሕርይዋ የሚመነጩ ሥራዎች ሁሉ» የሚል ሐረግ አለ። ገና ያልሣልሻቸውን ክፍሎች ሁሉ ይጨምራልና ጠበቃ ሳያየው እንዳትፈርሚ።