ሐሳቡ ቢወድቅስ?

“የፊዚክስ ተመራቂ ነኝ። ለማስተርስ ማጥናት የምፈልገው ቀደምት ጥቁር ጉድጓዶች ዳርክ ማተር የተባለው የማይታይ ቁስ ሊሆኑ ይችሉ እንደሆነ ነው። መምህሬ ግን ‘እየሞተ ባለ ሐሳብ ዕድሜሽን አታባክኚ’ አሉኝ። ምን ይመክሩኛል?”

እህቴ፣ የመምህርሽ ስጋት ከባዶ አልመጣም። ዩኒቨርስ ገና ሲጀምር ቁስ ከልክ በላይ የታመቀባቸው ቦታዎች በራሳቸው ተደርምሰው ጥቁር ጉድጓድ ሊሆኑ እንደሚችሉ ዜልዶቪችና ኖቪኮቭ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ሆኪንግ በ1971 ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ፈተናው ጠንክሯል። ጥቁር ጉድጓድ በኮከብ ፊት ሲያልፍ በስበቱ የኮከቡን ብርሃን ለጊዜው ያጎላዋል። ኦግል የተባለው የሥነ ፈለክ ቡድን ይህን ምልክት ፍለጋ ትልቁን የማጄላን ደመና (ጎረቤታችን የሆነ ጋላክሲ) 20 ዓመት ተከታትሎ በ2024 ባወጣው ውጤት፣ ክብደታቸው ከፀሐይ ጋር የሚቀራረብ ጥቁር ጉድጓዶች ከዳርክ ማተሩ 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም።

አንድ በር ግን አልተዘጋም፤ የአስትሮይድ ክብደት ያላቸው። ከእነዚህ አንዱ ተራራ የሚያስንቅ ክብደት ይዞ ስፋቱ የአቶም ያህል ሊሆን ይችላል። የኮከብን ብርሃን ሲያጎላም ማጉላቱ በኮከቡ ስፋት ውስጥ ስለሚጠፋ በተለመደው ዘዴ አይያዝም። እኔ ብሆን እዚህ ጋ ነበር የምቆፍረው።

ስለ ሥራሽ ግን ከመልሱ ይልቅ መንገዱን ምረጪ። “የሉም” ማለትም ጥሩ ወረቀት ይወጣዋል፤ ኦግል ያሳተመው እሱኑ ነው። የብርሃን ኩርባን (የኮከቡ ብርሃን ከጊዜ ጋር ሲለዋወጥ የሚያሳየውን ግራፍ) ከቀመር ጋር መግጠም፣ ሐሰተኛ ምልክትን ከእውነተኛው መለየት፣ ቢኖር ኖሮ ስንቱን እናይ ነበር ብሎ ማስላት፣ ይህን የቻለ ሰው ቴሌስኮፕ ጋም ሆነ ዳታ በሚተነተንበት ማንኛውም ቢሮ ይፈለጋል። የምፈራልሽ ሌላ ነው፤ ዳታ ሳይኖር በቀመር ብቻ የሚሄድ ርዕስ ይዘሽ ሁለት ዓመት እንዳትቀመጪ። ስለዚህ አማካሪ ስትመርጪ “ምልክቱ ባይገኝ ምን እጽፋለሁ?” ብለሽ ጠይቂ። መልስ ከሌላቸው እለፊያቸው።

እስከዚያው ኦግል ለሕዝብ ከሚለቃቸው ኩርባዎች አንዱን አውርጂ። ብርሃኑ ወጥቶ ሲወርድ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን እዪ። ጥቁር ጉድጓዱ ወደ ኮከቡ ከሚሄደው የእይታ መስመር አንድ የአንስታይን ራዲየስ (ኮከቡ ልክ ከጀርባው ቢሆን የሚታየው የብርሃን ቀለበት ራዲየስ) ሲርቅ ማጉላቱ 1.34 እጥፍ መሆኑን በእጅሽ አስዪ፤ ከዚያ ቀመሩን በፓይተን ግጠሚ። ግራፉን ይዘሽ መምህርሽ ቢሮ ግቢና ወሬውን ከእሱ ጀምሩ።