ካልሲ ማጥለቅም ሚዛን ይጠይቃል፦ የህብለ ሰረሰር ጉዳትና የሚዛን ምርመራ

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ህብለ ሰረሰሩ (በአከርካሪ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) ለተጎዳ ሰው ስለሚደረግ የሚዛን ምርመራ፣ ማለትም ሰውነትን ሳይወድቁ የመያዝ ችሎታ ምርመራ፣ የጠየቃችሁኝን እንደመጣልኝ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከመኪና አደጋ በኋላ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። መቆም ለማይችል ሰው የሚዛን ምርመራ ምን ይሠራለታል?

መልስ፦ ብዙ ይሠራለታል። ካልሲ ሲያጠልቅ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሲዛወር፣ ከመደርደሪያ ስኒ ሲያወርድ ሚዛን ያስፈልገዋል። የሆድና የጀርባ ጡንቻዎች በአብዛኛው የሚታዘዙት ከደረት አካባቢ በሚወጡ ነርቮች ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቀጥ ብሎ መቀመጥ ይከብዳል። እኔ ገና ሜትር ሳላወጣ እጁን ነው የማየው። እያወራን አንዱ እጁ ጭኑን ወይም የዊልቸሩን ጎማ ጨብጦ ከቀረ፣ ሚዛኑን የያዘለት ያ እጅ ነው። ሁለቱም እጆቹ ነፃ ሲሆኑ ግን በቀን ውሎው ብዙ ነገር ይለወጣል።

ጥያቄ፦ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ነኝ። የምሠራበት ቦታ ምንም መሣሪያ የለም። በምን ልለካ?

መልስ፦ በሜትር። ግድግዳ ላይ በትከሻው ከፍታ አግድም ለጥፊው። ሰውዬው ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ረግጦ ይቀመጥ። አንድ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በሌላው ሳይደገፍ፣ እስከሚችለው ይዘንበል። የእጅ አንጓው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ መዝግቢ። ሦስት ጊዜ ይሞክር፤ የመጀመሪያው ልምምድ ነው፣ የሁለቱን አማካይ ያዢ። ከፊቱ ሳትቆሚለት ግን እንዳትጀምሪ!

ሌላው ቲሸርት ነው። ለብሶ እስኪያወልቅ የሚፈጅበትን ጊዜ በስልክሽ ያዢ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁለት እጅ ይይዛል፣ ለአፍታም ዓይን ይሸፍናል።

አንዴ የደረሰብኝን ልንገርሽ። አንድ ታካሚዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ውጤቱ አሪፍ ሆነና ደስ አለኝ። በኋላ ሳየው የተቀየረው ሰውዬው ሳይሆን ትራሱ ነው። ወንበሩንም፣ ትራሱንም፣ ሰዓቱንም አትቀይሪ።

ጥያቄ፦ በክራንች እሄዳለሁ። በርግ በሚባለው የሚዛን ምርመራ ከ56 ነጥብ 52 አግኝቼ «ጎበዝ» ተባልኩ። ባለፈው ወር ግን ሁለቴ ወደቅሁ። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ ማንም አልተሳሳተም። የበርግ ምርመራ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ካናዳ ውስጥ ለአረጋውያን የተዘጋጀ ነው። 14 ተግባራት አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል። ችግሩ፣ እንዳንተ መራመድ የቻሉ ሰዎች ጣሪያው ላይ ይደርሳሉ፤ ከዚያ በላይ መሻሻልም ሆነ ጉድለት አይታይም። ደግሞ ማንም አይገፋህም፣ አያራምድህም። አንተ የወደቅከው ግን ቆመህ ሳይሆን ስትሄድ ይመስለኛል።

ሚኒ ቤስት የሚባለውን ሌላ የሚዛን ምርመራ ጠይቅ። ከ28 ነው የሚታሰበው። ተደግፈህ ስትዘነብል በድንገት ይለቁሃል፣ ስፖንጅ ላይ ዓይንህን ጨፍነህ ትቆማለህ፣ እየተራመድክ ቁጥር ወደ ኋላ ትቆጥራለህ። ከነጥቡ ይልቅ የት እንደጎደለህ ነው የሚጠቅምህ። የት፣ መቼ፣ ምን ይዘህ እንደወደቅክም ለባለሙያው ንገረው።

ጥያቄ፦ ቀን ደህና ነኝ፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ግን እንገዳገዳለሁ። ጉልበቴ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። እግርሽ የት እንዳለ ለአንጎል የሚነግረው መስመር በህብለ ሰረሰሩ ጀርባ በኩል ያልፋል። እሱ ሲጎዳ ዓይን ይተካዋል። ጨለማ ሲሆን ተተኪውም ይሄዳል። ዓይንን ከፍቶና ጨፍኖ በመቆም ይመረመራል፤ ብቻሽን ግን እንዳትሞክሪው። ለጊዜው አልጋሽ አጠገብ ባትሪ ይኑር።

ጥያቄ፦ አባቴን ሲያስቀምጡት ያዞረዋል። ሚዛኑ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ደም ግፊቱ ይለካ። ከተኛበት ሲነሳ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል፤ ያኔ የሚዛን ውጤቱ አይታመንም። ጉዳቱ በቲ6 (በስድስተኛው የደረት አከርካሪ ደረጃ) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና በድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ላብና የፊት መቅላት ከመጣ ነገሩ ሌላ ነው፤ ግፊቱ ወጥቶ ይሆናል። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ጠባብ ልብስ አላሉ፣ የሽንት ቱቦው ታጥፎ እንደሆነ እዩ፣ ሐኪም ጥሩ። ምርመራው ሌላ ቀን ይደርሳል።