ድምፃዊው የልጅነት ቁስሉን ሲናገር

ጥያቄ፦ ስለ አንድ የሮክ ድምፃዊ ዘጋቢ ፊልም እየሠራን ነው። በልጅነቱ ቤት ውስጥ ብዙ ድብደባ ደርሶበታል፤ ይህንንም በራሱ አንደበት ሊናገር ፈቅዷል። በመጀመሪያው ቀረጻ ግን ስለ ድብደባው የጠየቅነው ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲህ መልሱ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ሆነ። የት ተሳሳትን? ዘፈኖቹንስ በእሱ ፈቃድ ብቻ መጠቀም እንችላለን?

መልስ፦ ድብደባው ያን ያህል ቀድሞ መነሣት አልነበረበትም። በሙዚቃው ጀምሩ፦ የመጀመሪያ ጊታሩን ከየት አገኘ? ማንም እንዳይሰማው የት ይለማመድ ነበር? በዚህ መንገድ ወደዚያ ቤት የሚገባው በራሱ ጊዜ ነው። «ምን ተሰማህ?» የሚለውን ተዉት፤ «ከባድ ነበር» በሚል መልስ ይዘጋል። «ማታ በሩ ሲከፈት ምን ትሰማ ነበር?» ብትሉት ግን ትዝ የሚለውን ይነግራችኋል። ቀንና ዓመት እየጠየቃችሁ አታፋጥጡት፤ ያንን ከፎቶዎች ጀርባና ከትምህርት ቤት ሰነዶች ፈልጉ።

መልሱን ሲጨርስ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ ይመጣል፤ ጠያቂው ከቸኮለ ይጠፋል። «እስቲ ድገምልን» ፈጽሞ አትበሉ፤ ሲደገም ትወና ይሆናል፣ እሱንም ዳግም ያቆስለዋል። ሁለት ካሜራ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ አንዱ ፊቱን፣ ሌላው ከወገቡ በላይ ይያዝ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ድምፃዊው ሲያለቅስ እጁ ስለሚነካው ደረቱ ላይ የተሰካው ማይክ ይንኮሻኮሻል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ማይክ ከምስሉ ውጪ ከራሱ በላይ አንጠልጥሉ። የባዶ ክፍሉን ድምፅም ለ30 ሰከንድ ቅረጹ፤ ያለዚያ በኤዲቲንግ የቆረጣችሁበት ቦታ ሁሉ ያስታውቃል።

ከቀረጻው በፊት የማቆሚያ ምልክት ተስማሙ። እጁን ሲያነሣ ካሜራዎቹም ማይኮቹም ይጥፉ። ካሜራው ቆሞ ማይኩ እየቀዳ እንደነበር ካወቀ ዳግመኛ አያምናችሁም። ከባዱ ክፍል በቀን ከ90 ደቂቃ አይለፍ፤ የመጨረሻውን ሩብ ሰዓት ስለ ዛሬው ሥራው አውሩ። ያንን ሸክም ይዞ ብቻውን ወደ ቤቱ አይሂድ።

ዘፈኖቹን በተመለከተ ፈቃዱ ሁለት ነው፦ አንዱ የግጥምና የዜማው፣ ሌላው የተቀዳው ድምፅ። ራሱ ጽፎ ራሱ ቢዘፍነውም፣ ቅጂው የአሳታሚው ኩባንያ ሊሆን ይችላል። ካሜራችሁ ፊት በጊታር ብቻ አዲስ ቢዘፍነው የድሮው ቅጂ ፈቃድ አያስፈልጋችሁም፤ ውሉ ዳግም መቅዳትን የሚከለክል መሆን አለመሆኑን ግን ቀድማችሁ አንብቡ።